የአባቴ ሰንጢ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለስኩበት ቆጥሬ አላውቅም። አንዳንዱ ለሠርግ፣ አንዳንዱ ለልቅሶ፣ አንዳንዱም የፈተና ወረቀት ለማድረስ ነበር። ባለፈው ጥር ወር የወረድኩበት ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ስለሆነ ለአንባቢ ማጫወት አሰኘኝ። ጉዳዩ በመሐረብ ተጠቅልሎ በኮቴ ኪስ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ሰንጢ ነው።

ሰንጢው የአባቴ ነው። አባቴ በጉልበቱ ዘመን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ በኩል አሰብ ወደብ የሚደርሰውን መንገድ እንደ ቤቱ ጓዳ ያውቀዋል። ያ መንገድ በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት እስኪዘጋ ድረስ ኑሮአችን ከዚያው ነበር። ሰንጢውንም የገዛው እዚያው አሰብ፣ መሬት ላይ ዕቃ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ነው። እጄታው ጥቁር ቀንድ ነው፤ በስለቱ ተረከዝ ላይ በላቲን ፊደል «ሶሊንገን» የሚል ተቀርጾበታል። ሶሊንገን በጀርመን አገር በስለት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ስሟን በሌላ ስፍራ በተሠራ ስለት ላይ ማተም በአገሩ ሕግ የተከለከለ ነው። አባቴ በዚህ ሰንጢ የሸራ ገመድ ቆርጦበታል፤ በዳናክል በረሃ በብርቱካን ጥሙን አርክቶበታል፤ እኔም ተማሪ ቤት ስገባ እርሳሴን የቀረጸልኝ በዚሁ ነው።

አሁን አባቴ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። በገና ዋዜማ በጉ የታሰረበትን ገመድ ሲቆርጥ ስለቱ በድንገት ታጠፈና ሌባ ጣቱን እስከ አጥንቱ ጎዳው። አምስት ጊዜ ተሰፋ። እናቴ በዚያው ምሽት ሰንጢውን ወስዳ የት እንዳደረገችው ለማንም ሳትናገር ደበቀችው።

አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን እናቴ ብርቱካን ልጣ በሳሕን ስታቀርብለት ሳሕኑን በቀስታ ገፋ አደረገና፣ «እኔ እኮ ሕፃን አይደለሁም» ብቻ ብሎ ወደ በረንዳው ወጣ። እናቴ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። እኔም ምን እንደምል ሳላስበው፣ «ሰንጢው እርሱ ካልፈለገ በቀር እንዳይታጠፍ አድርጌ አሠራዋለሁ» አልኩ። እናቴም ከእህል ጎታው ሥር አውጥታ ሰጠችኝ፤ «ካልተሠራ ግን ወደዚህ ቤት እንዳይመለስ» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

እዚህ ላይ የሰንጢን ነገር ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። ቢላዋም ካራም ጩቤም ስለታቸው ከእጄታው ጋር አንድ ሆኖ የተተከለ ነው። በራሱ ላይ የሚታጠፈው ሰንጢ ብቻ ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም ያለው ከዚሁ መታጠፉ ላይ ነው። የአባቴ ሰንጢ መቀርቀሪያ የለውም። በጀርባው በኩል ያለ አንድ ጠንካራ ሞላ የስለቱን ተረከዝ ተጭኖ ይይዘዋል እንጂ አይቆልፈውም። ስለቱን ከጀርባው በኩል ከሞላው ጉልበት በላይ የገፋው ነገር ሁሉ ይዘጋዋል። ሞላው ከአርባ ዓመት በላይ ሠርቶ ደክሟል፤ የያዘውም እጅ ደክሟል።

ይህን ችግር ያየነው እኛ ብቻ አይደለንም። የስፔን ሰዎች ናባኻ በሚሉት ትልቅ ሰንጢያቸው ላይ፣ ሲከፈት እንደ ትልቅ ሰዓት ቀጭ ቀጭ እያለ የሚቀረቀር ጥርስ ካበጁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በፈረንሳይ አገር በሳቭዋ ተራሮች ኦፒኔል የሚባል ቤተ ሰብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. የገበሬ ሰንጢ መሥራት ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በእጄታው አንገት ላይ የሚሽከረከር የብረት ቀለበት አግብቶ ስለቱን አሠረው። በአሜሪካ በክ የተባለው ፋብሪካ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣውና «110» የሚል ቁጥር የተሰጠው ሰንጢ፣ ከጀርባው ሲጫኑት የሚለቅ መቀርቀሪያ ነበረው። ያን መሰሉ አሠራር ዓለምን ያዳረሰው ከእርሱ በኋላ ነው። በ1980ዎቹም ማይክል ዎከር የተባለ አሜሪካዊ የእጅ ባለሙያ በእጄታው ውስጥ ያለውን ቀጭን ላሜራ አጉብጦ፣ ስለቱ ሲከፈት ላሜራው ራሱ ተስፈንጥሮ ከተረከዙ ኋላ እንዲቆም አደረገ። ዛሬ በየሱቁ የሚገኘው የቻይና ሰንጢ አብዛኛው ይህንኑ የተከተለ ነው።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና የዎከር አሠራር ልቤን ማረከው። አንድ ላሜራ ራሱ እጄታ፣ ራሱ ሞላ፣ ራሱ መቀርቀሪያ ሲሆን ማየት የሚያስደስት ነገር ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ከነማዕዘኑ ነድፌ፣ በሚሊ ሜትር ለክቼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሠሪ ፍለጋ ደሴ ከተማ ወጣሁ።

ፒያሳ ላይ ቁልፍ የሚቀርጽ አንድ ጎልማሳ ንድፌን በትሕትና አየና፣ «እኔ የበር ሐኪም ነኝ፤ ይኸ ሌላ በሽታ ነው» ብሎ መለሰልኝ። አንድ ባለ ሱቅ የቻይናውን ሰንጢ ከነማሸጊያው አውጥቶ፣ «ይኸን ገዝተህ ለምን አትገላገልም?» አለኝ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የአባቴን ጠባይ አያውቅም። ሰኞ ገበያ ወረድኩ። እዚያ ማጭድና መጥረቢያ የሚያበጁ ቀጥቃጭ ሰንጢውን ተቀብለው ስለቱን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉና ድምፁን አዳመጡ። «ብረቱ መልካም ነው። ግን የኔ መዶሻ ለዚህ ትልቅ ነው» አሉኝና ኮምቦልቻ ከመናኸሪያው ኋላ ያሉ አንድ ሰው ዘንድ እንድሄድ መሩኝ። ባለ ሙያ የአቅሙን ወሰን እንዲህ ደረቱን ነፍቶ ሲናገር መስማት በመሥሪያ ቤቶቻችን የተለመደ አይደለም።

ሚኒባሷ ከደሴ ስትወጣ ጭጋጉ ገና ከጦሳ ትከሻ አልወረደም ነበር። መንገዱ የሀረጎን ዳገት ይዞ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በአንድ ወገን ባሕር ዛፍ የለበሰ ገደል፣ በሌላው ወገን ድንጋይ የተፈለጠበት ግድግዳ ነው። ጉዞው ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ የከፍታው ልዩነት ግን ከ600 ሜትር የማያንስ ስለሆነ፣ ከደሴ ሹራብ ለብሶ የተነሣ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሹራቡን በክንዱ አንጠልጥሎ ይወርዳል። ሾፌሮች በዚህ ቁልቁለት ፍሬን አይወዱም፤ በማርሽ ነው የሚይዙት። አባቴ ሲያስተምረኝ፣ «ፍሬን ለመቆም ነው፤ ለመውረድ ማርሽ አለልህ» ይል ነበር።

ይህ መንገድ ብዙ አይቷል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ የነበሩባትን ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ወራሪው ከተማይቱን ከያዘ በኋላ መንገዱን ለጭነት መኪና እንዲመች አድርጎ ሠራው። ከአምስት ዓመት በኋላ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪቃ ብርጌድ ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር ሆኖ፣ በዚሁ ተራራማ በር መሽጎ የነበረውን የጣሊያን ጦር ለቀናት ተዋግቶ አስለቅቆ ደሴ ገባ። ጣሊያን ሄደ፤ የመሣሪያው ስም ግን ከእኛ ዘንድ ቀረ። አንባቢ ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ አንድ ጋራዥ ገብቶ ጆሮውን ቢያዘነብል ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ባሌስትራ ሲባል ይሰማል። የአባቴ ሰንጢ የደከመበት ሞላም ከዚያው የመጣ ቃል ነው። የሚጠሩት ሰዎች ግን ከየትም የመጣ ነው ብለው አያስቡም። ለእነርሱ ሞርሳ እንደ ምጣድ የራሳቸው ነው።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ የብረታ ብረቱ ሥራ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ተሰብስበዋል። ፋብሪካ ባለበት ደግሞ የፋብሪካ ጡረተኛ አለ። የተመራሁባቸውም ሰው በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። መሥሪያቸው የቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ሞርሳው በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተተክሏል፤ ሞረዶቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ እንደ ቤተ ሰብ ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ተሰልፈዋል። የተወሰኑት ምስማሮች ባዶ ናቸው። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ቤቱ ተዘርፎ ከሄደው ዕቃ ገና ያልተተካ እንዳለ ነገሩኝ፤ ከዚያ በላይ አላብራሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ አባቴ ጣት ነገርኳቸው፤ ንድፌንም ዘረጋሁ። መነጽራቸውን አድርገው በጥንቃቄ ካዩት በኋላ፣

«መምህር፣ ሥዕሉ ያምራል። ይኸን ሰንጢ እንዴት ነው የሚዘጋው?» አሉኝ።

«አውራ ጣትን ወደ ውስጥ አስገብቶ ላሜራውን ገፋ ማድረግ ነው» አልኩ።

«በስለቱ መንገድ ላይ ማለት ነው?»

መልስ አጣሁ። እርሳቸውም ቀጠሉ፤ «እጃቸው ይንቀጠቀጣል አልከኝ። ሲከፈት የማይቆርጣቸውን ሲዘጋ እንዲቆርጣቸው ልታደርግ ነው? በዚያ ላይ እርሳቸው የኔ ዘመን ሰው ናቸው። ሰንጢ የሚዘጋው በሁለት እጅ ነው ብለው ያደጉ ናቸው።»

ሁለት ሌሊት የደከምኩበትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ቀለበቱስ አልኳቸው። ቀለበት ለማዞር ጣት መጨበጥ አለበት፤ የተሰፋ ጣት ደግሞ አይጨብጥም አሉ። የእርሳቸው ሐሳብ ሌላ ነበር። የሰንጢው ጀርባ ሞላ በነበረበት ስፍራ፣ መካከሉ ላይ በችንካር የተያዘ እንደ ሚዛን የሚንቀሳቀስ ብረት ይግባ። የፊተኛው ጫፉ ጥርስ አውጥቶ በስለቱ ተረከዝ ላይ በሚቆፈር ጎድጓዳ ውስጥ ይውደቅ። ከኋለኛው ጫፍ ሥር ትንሽ ሞላ ትቀመጥና ጫፉን ወደ ውጭ ትግፋው። ስለቱ ሲከፈት ጥርሱ ወደ ጎድጓዳው ገብቶ ይቀረቅራል። ለመዝጋት ከእጄታው ጀርባ፣ ወደ ኋላ በኩል፣ በአውራ ጣት ወይም በመዳፍ ጫን ሲሉት ጥርሱ ይነሣና ስለቱ ይለቃል። ጣት የትም ቦታ በስለቱ መንገድ ላይ አይገባም። ይህ እንግዲህ የዚያ የአሜሪካው «110» አሠራር ነው። እርሳቸው ግን ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ እንዲስሉለት የሰጣቸውን ሰንጢ ፈታትተው በማየት ነው።

«ወይም» አሉ ፈገግ ብለው፣ «ባቲ ሰኞ ገበያ ውረድና የአፋር ጊሌ ግዛላቸው። እርሱ መቼም አይታጠፍም።»

ሥራው በዚያው ቅዳሜ ተጀመረ። ሁለቱን ችንካሮች ሞርደው አወጡና ሰንጢውን በታተኑት። አርባ ዓመት የተጠራቀመ ናፍጣና የብርቱካን ጭማቂ ከውስጡ ወጣ። ለሚዛኑ ብረት የመረጡት የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ከመንገድ ዳር የሚወድቀው ይህ ብረት ለአገራችን ቀጥቃጭ እንደ ማዕድን ጉድጓድ ነው፤ ጎብጦ መመለስ ሥራው ስለሆነ ጥሩ ካርቦን ያለው ብረት ነው። አንድ ቁራጭ አግለው እየቀጠቀጡ ከአሮጌው ሞላ ውፍረት ጋር እስኪተካከል አሳሱት። ትንሿን ሞላ ግን ከባሌስትራ አላወጧትም። ከተሰበረ የእንጨት መጋዝ ላይ ቆረጧት። የመጋዝ ብረት ፋብሪካ ውስጥ በልኩ ጠንክሮ የወጣ ነውና፣ ሲሞረድ ውሃ እየጠጣ ካልጋለ በቀር መለጠጡን አይለቅም።

አስቸጋሪው የስለቱ ተረከዝ ነበር። ጎድጓዳ እንዲቆፈርበት መለስለስ አለበት፤ ስለቱ ግን እንዳይለሰልስ ያስፈልጋል። ስለቱን ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በውሃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ አቆሙትና፣ ከውሃው በላይ የቀረውን ተረከዝ ብቻ በብየዳው ነበልባል አጋሉት። ከዚያ በትንሽ ሞረድ ጎድጓዳውን አወጡ። የጎድጓዳው አንደኛው ግድግዳ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጥቂት ሸርተት ያለ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ጥርሱ እያለቀ ሲሄድ ጠለቅ ብሎ ይገባል እንጂ አይላላም» አሉኝ። ይህን ለማስረዳት እኔ ጥቁር ሰሌዳና የአንድ ክፍለ ጊዜ ወሬ ያስፈልገኝ ነበር።

ቡና ቀረበ። ባለቤታቸው ሲቀዱልን እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ወሬዬን አላቋርጥም ነበር። እርሳቸውም እየመለሱልኝ የሚዛኑን ብረት አግለው ዘይት ውስጥ ነከሩት። ጭስ ወጣ፤ ቀጥሎም ቀጭን የመስታወት ድምፅ የመሰለ ነገር ተሰማ። ብረቱን አውጥተው አዩትና ምንም ሳይናገሩ ሰጡኝ። ከችንካሩ ቀዳዳ እስከ ዳር ድረስ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረበት።

«በሩ ክፍት ነበር» አሉ። ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። የጋለ ብረት ሙቀቱ የሚታወቀው በመልኩ ነው። እርሳቸው የሚፈልጉት የበሰለ በርበሬ የመሰለውን ቅላት ነው። የፀሐይ ብርሃን ባለበት ክፍል ያ ቅላት ደብዝዞ ስለሚታይ፣ ሠራተኛው ገና ነው እያለ ከልክ በላይ ያግለዋል። ከልክ በላይ የጋለ ብረት ሲጠነክር ተሰባሪ ይሆናል። ቀጥቃጭ ጨለማ ቤት ውስጥ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። በሩን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ዝምታው ስለ ከበደኝ ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ስለ ሌላ ነገር አነሡ።

«ምን ነበር የምታስተምረው?»

«ፊዚክስ።»

«እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። አባቴ ማረሻ ሠሪ ነበሩ። ልጆቹ የቡዳ ልጅ ነው እያሉ እኔ ሳልፍ ምሳቸውን ይሸፍኑ ነበር። መምህሩም ያያሉ፤ ዝም ይላሉ። ከዚያ ተውኩት፤ መዶሻ ያዝኩ።» ይህን ሲናገሩ ምሬት አልነበረባቸውም፤ የአየር ሁኔታ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት የሚሳደብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ማስነገራቸውን በታሪክ ክፍለ ጊዜ ተምሬያለሁ። ለፈተናም ጽፌዋለሁ፤ ሙሉ ነጥብም አግኝቼበታለሁ። እንዲሁም ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ በቋጠረችልኝ ምሳ ላይ በሁለት እጄ የተደፋሁበት አንድ ቀን ትዝ ይለኛል። በአጠገቤ ያለፈው ልጅ ስሙ ማን እንደ ነበር አሁንም አውቃለሁ። ይህን ለእርሳቸው አልነገርኳቸውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመለስ ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አንድ ማግኔት ተውሼ ይዤ ነበር። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ይህን ያጠናው ፈረንሳዊው ፒየር ኪዩሪ ነው፤ ይህን መሰሉን ብረት ለማጠንከር የሚያስፈልገው ሙቀትም ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ለሽማግሌው ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ፤ እኔም በዚህ ጊዜ አፌን ዘጋሁ። አዲሱን ብረት አጋሉት። መልኩ እርሳቸው የሚፈልጉት ቅላት ላይ ሲደርስ በፒንሳ አንሥተው፣ «በል የአንተን ነገር አምጣ» አሉኝ። ማግኔቱን አቀረብኩት። አልሳበውም። እርሳቸው በጨለማው ውስጥ አጭር ሳቅ ሲስቁ ሰማሁ፤ ብረቱንም ጥቂት መልሰው አሙቀው ዘይት ውስጥ ከተቱት። አልተሰነጠቀም። ከዚያ በአሸዋ ወረቀት ጠርገው ቀስ ብለው እንደ ገና አሞቁት። መልኩ መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ እንደ ርግብ አንገት ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ ሲሆን ከእሳቱ አነሡት። በቢጫው ላይ ቢቆም ለስለት ይሆናል፤ ለሚጎብጥና ለሚገፋ ነገር ግን ሰማያዊው ይሻላል።

መግጠሙ ግማሽ ቀን ወሰደ። ያስገባሉ፤ ይከፍታሉ፤ ያወጣሉ፤ አንድ ጊዜ ይሞርዳሉ፤ መልሰው ያስገባሉ። አውራ ጣት የሚያርፍበትን የቀንዱን ጀርባ ጥቂት ጎድጎድ አደረጉት። በመጨረሻ ችንካሮቹን ቀጥቅጠው ዘጉና ሰንጢውን ከፈቱት። ቀጭ አለ። የከፈቱትን ሰንጢ ስለቱን ወደ ላይ አድርገው ያዙና ጀርባውን በግንዱ ላይ ሦስት ጊዜ በኀይል መቱት። ጣቶቻቸውን ግን ከስለቱ መንገድ ላይ አርቀው ነበር። አልታጠፈም። 800 ብር ጠየቁኝ። ለሁለት ቅዳሜና ለአንድ የተበላሸ ብረት ብዙ አይደለም፤ ከቻይናው ሰንጢ ግን ይበልጣል። ማግኔቱን ትቼላቸው ልሄድ አሰብኩ፤ የመንግሥት ንብረት መሆኑ ትዝ አለኝና መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ስመለስ በመንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ከኪሴ ሰንጢው ሲወጣ ወጣቱ ፈታሽ ፊቱን አኮሳተረ። እውነት ለመናገር ሥጋት ያዘኝ፤ የሚቀረቀር ሰንጢ ከማይቀረቀረው ይልቅ መሣሪያ ይመስላልና። እንግሊዝ አገር እንኳ ስለቱ ከሦስት ኢንች የማይበልጥና የማይቀረቀር ሰንጢ በኪስ መያዝ የተፈቀደ ሲሆን፣ መቀርቀሪያ ያለውን ግን ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። ፈታሹ ከፈተው። ቀጭ አለ። ሊዘጋው ሞከረ፤ እምቢ አለው። ገለባብጦ አየው፤ እንደ ገና ሞከረ። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ እንዳይቆርጥህ!» አሉ። ሰውም ሳቀ፤ እርሱም ሳቀ። ከጀርባው እንዴት እንደሚጫን አሳየሁትና ስለ አባቴ ጣት ነገርኩት። ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው፤ ሦስተኛ ጊዜ ከፍቶ ዘጋውና መለሰልኝ።

ደሴ ስደርስ መሽቶ ነበር፤ ሹራቤን መልሼ ለብሻለሁ። አባቴ ሰንጢውን ተቀብሎ መጀመሪያ ያየው ጽሑፉን ነው፤ «ሶሊንገን» የሚለው እንዳለ ነው። ከዚያ ከፈተው። ድምፁን ሲሰማ ቀና ብሎ አየኝ። ስለቱን ከጀርባው በመዳፉ ገፋ፤ አጥብቆ ገፋ፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ማነው የሠራው?»

«ኮምቦልቻ ያሉ ባለ ሙያ ናቸው፤ ከባሌስትራ ነው ያወጡት።»

«የምን መኪና ባሌስትራ?»

አለመጠየቄን ነገርኩት፤ ቅር አለው። እናቴ ከጓዳ ብርቱካን በሳሕን አድርጋ መጣች፤ አልላጠችውም። ከፊቱ አስቀምጣ ቆመች። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጣጩም ከአንድ ስፍራ ላይ ሳሳ፣ ከአንድ ስፍራ ላይ ወፈረ። ቢሆንም ሳይቆረጥ አንድ ወጥ ሆኖ ሳሕኑ ላይ ተጠቀለለ። ከዚያ የእጄታውን ጀርባ በመዳፉ ተጫነና ስለቱን በሌላው እጁ ቀስ ብሎ መለሰው። ብርቱካኑን ለሦስት ከፈለው። እናቴ ድርሻዋን በላች፤ የቁስል ማሸጊያውን ፋሻ ግን በመደርደሪያው ላይ እንደ ነበረ ተወችው።